የመሬት ደብተርና ውርስ በአማራ ክልል ገጠር

በአማራ ክልል ገጠር «ደብተር አለኝ» ያለ ገበሬ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን ማለቱ ነው። ብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሲገለጥ የባልና የሚስት ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበት ይታያል። የማሳዎቹ ስፋት፣ በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስናቸው ተጽፎበታል። ይህ ደብተር ከየት እንደመጣ፣ ባለቤቱ ሲሞትስ ቤተሰቡ መሬቱን እንዳያጣ ምን እንደሚደረግ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለማይገኝ እዚህ ተጠናቅሯል።

ድሮ በጎጃምና በጎንደር መሬት በአብዛኛው በርስት ይያዝ ነበር። በአባትም በእናትም ወገን መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የተወለደ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ማስረጃው ወረቀት ሳይሆን የትውልድ ቆጠራ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ከዚያ ሥርዓት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የርስት ሙግትም አበቃ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደነገገ።

በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ ማለትም ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው የማደሉ ሥራ፣ ዛሬም ያከራክራል። መሬት ላልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት እንዳስገኘ የሚናገሩ አሉ። በቀደሙት መንግሥታት ዘመን ባለመሬት ወይም ሹም ነበር በሚል «ፊውዳል» ወይም «ቢሮክራት» ተብሎ መሬት የተቀነሰበት ቤተሰብ ግን ቁስሉን አልረሳም። ገበሬው «ነገስ ማን ይወስድብኛል?» እያለ ሲሰጋ የኖረውም በዚህ ነው።

ደብተር መስጠት የተጀመረው በትግራይ ነው፤ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአገር ውስጥ አቅም ብቻ። አማራ ክልል የራሱን የመሬት አዋጅ በ1992 ዓ.ም. አወጣ፤ ምዝገባውን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ጀመረ። በስዊድን ድጋፍ መጀመሪያ የተሞከረው በሁለት ቀበሌዎች ነው፤ በደቡብ ወሎ ገራዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ «አዲስና ጉሊት» የሚባለው ቀበሌ። ቀጥሎ ሥራው በየወረዳው ተዳረሰ። ገበሬው ራሱ የመረጠው የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ገመድ ይዞ ማሳ ለማሳ ዞረ። አዋሳኞች ድንበር ላይ ቆመው «እዚህ ድረስ የእሱ ነው» አሉ። የተመዘገበው በሕዝብ ስብሰባ ፊት ተነበበ፤ ቅር ያለው አቤት አለ። ከዚያ ባሕረ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ይህን ሁሉ ያለ ደመወዝ የሠሩት የኮሚቴ አባላት ሊመሰገኑ ይገባል። የአማራ ክልል ደብተር የሚስትንም ስም ከነፎቶዋ መያዙ ትልቅ ነገር ነው። ያኔ በትግራይ የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ በፊንላንድና በእንግሊዝ ድጋፍ ሁለተኛው ዙር መጣ። በአየር ፎቶ ላይ ድንበር ተሰመረ፤ ለየማሳው መለያ ቁጥርና ካርታ ተሰጠ።

ችግሩ የሚመጣው ባለደብተሩ ሲሞት ነው። አባት ያርፋል። ልጆቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ ዓረብ አገር ናቸው። እናት መሬቱን በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር ልትካፈል፣ ሰጥታ ታሳርሳለች። ዓመታት ያልፋሉ፣ ደብተሩ ግን በሟች ስም እንዳለ ነው። አንድ ቀን አጎት ወይም አራሹ «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ ይነሳል። ወይም ጎረቤት በየክረምቱ ድንበር እየገፋ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ ለውርስ የሚቀርበው የሟቹ ድርሻ ብቻ ነው። የሚስት ድርሻ የራሷ ነው፤ ማንም ለሌላ አያወርስባትም፣ ማንም አይወርስባትም።

ስም ለማዛወር አብዛኛውን ጊዜ የሞት ማስረጃና ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። የቀበሌው ኮሚቴ ያረጋግጣል፤ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ያስተካክላል። ኑዛዜ ካለ ሕጉ የሚጠይቀውን ሥርዓት ማሟላት አለበት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያዛል። በዚህች ጉድለት የወደቀ ኑዛዜ ብዙ ነው። ማሳው ከሕጉ አነስተኛ ልክ በታች እንዳይሸራረፍም ወንድምና እህት በጋራ ቢይዙት ይሻላል።

ከተማ የሚኖር ልጅ ይወርሳል ወይ የሚለው ክርክር ነው። በ2016 ዓ.ም. የተሻረው የ1997ቱ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 «የቤተሰብ አባል» ይል የነበረው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ ኑሮውን የሚጋራውን ነበር። የክልሉ ሕግ ግን ሰፋ ይላል።

ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ ሽማግሌ ይያዛል። ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃ መክፈል ለማይችሉ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላቱ አቤቱታ ይጽፋል፣ ያማክራል። ባሏ የሞተባትን እናት ይዞ መሄድ የሚገባው እዚያ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 የመሬት መጠቀም መብትን አስይዞ መበደር ፈቅዷል። ደብተሩ በሟች ስም ያለ ቤተሰብ ግን ብድሩን ሊጠይቅ አይችልም። በ1995 ዓ.ም. ገመድ ይዘው ማሳውን የለኩት ሰዎችም አርጅተዋል። ድንበሩን በቃላቸው የሚያውቁ እነሱ ናቸውና ስም የሚያዛውር ቤተሰብ እነሱ በሕይወት ሳሉ ቢሄድ ይመረጣል።