ፋርስኛ ዐረብኛ አይደለም፤ ሌሎችም የሰለቹኝ ስህተቶች

በኢራን ታሪክና ባህል ማስተርስ መማር የሚፈልጉ ልጆች በየዓመቱ ይደውሉልኛል። ደስ ይለኛል። ግን ገና ሁለት ደቂቃ ሳናወራ ያቺ ነገር ትመጣለች፤ “ዐረብኛ ትንሽ ትንሽ ስለምችል ቋንቋው አያስቸግረኝም።” ስምንት ዓመት ሙሉ ሰማኋት። ዛሬ በደንብ ልመልስላት።

ኢራናውያን ዐረቦች አይደሉም። እርግጥ ኩዜስታን በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ክፍል ዐረብኛ ተናጋሪ ኢራናውያን አሉ። የኢራን ዋና ቋንቋ ፋርስኛ ግን የዐረብኛ ዘዬ አይደለም። ሰውን የሚያሳስተው ፊደሉ ነው። ከዐረብኛ ተውሶ አራት የራሱን ጨምሮበታል፤ ፐን፣ ቸን፣ ዠንና ገን። ፊደል መዋስ ደግሞ ዘመድ አያደርግም። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦሮምኛ በዚያ ምክንያት ሴማዊ ሆነ? አልሆነም።

እንዲያውም ለዐረብኛ የሚቀርበው አማርኛ ነው። እኛ ቤት እንላለን፣ ዐረቡ በይት ይላል፤ ኢራናዊው ኻኔ ይላል። እኛ ዓይን፣ ዐረቡም ዐይን፤ ኢራናዊው ቼሽም። እናቱን ማዳር፣ ወንድሙን ባራዳር ሲል ዘመዶቹ እነ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ መሆናቸው ያስታውቃል። ከዐረብኛ የተዋሰው ቃል ብዙ ነው፤ ሰዋስዉ ግን የራሱ ነው። ፆታ እንኳ አይለይም፤ “እሱ”ም “እሷ”ም ኡ ነው።

ነገሩን ይህን ያህል የማከርረው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ጎበዝ ነበር፤ በታሪክ በማዕረግ ተመርቋል። ኢራንን በገዙት በሳፋቪድ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ላይ ሊጽፍ ገባ። በመጀመሪያው ሴሚስተር አስተማሪው ናስታሊቅ በሚባለው የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጠው። ፊደሉን እየለቀመ አነበበ። አንድም ዓረፍተ ነገር አልገባውም። በመጨረሻ ርዕሱን ጥሎ የአውሮፓ ተጓዦች በጻፉት ላይ ሠራ። ያን ቀን በስልክ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። “ከመሄድህ በፊት አንድ ዓመት ፋርስኛ ተማር” ያለው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር አላልኩትም፤ እንደሚያውቀው ገምቼ ነበር።

ሌላው የሚያናድደኝ “ግዕዝ ለዚህ ትምህርት ምን ይረባል?” የሚለው ነው። በተለይ የቆሎ ትምህርት ቤት ካለፉ ልጆች ስሰማው ያሳዝነኛል። ከእስልምና በፊት ኢራን ላይ የነገሡት ሳሳኒዶች (እ.ኤ.አ. ከ224 እስከ 651) ፓህላቪ በሚባለው የድሮ ፋርስኛ ጽሕፈት ነበር የሚጽፉት። ጸሐፊዎቹ ብዙውን ቃል የግዕዝ ዘመድ በሆነው ሴማዊ ቋንቋ በአራማይክ ይጽፉና በፋርስኛ ያነቡታል። “ከልባ” ተብሎ ይጻፋል፣ “ሳግ” ተብሎ ይነበባል፤ ውሻ ነው። “ዮም” ይጻፋል፣ “ሮዝ” ይነበባል፤ ቀን ነው። “ቤይታ” ይጻፋል፣ “ኻናግ” ይነበባል። ሌላው ተማሪ አንድ በአንድ በቃሉ የሚይዘውን፣ ከልብንና ዮምን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ገና ሲያየው ይለየዋል። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢራንንም የኢትዮጵያንም ጥናት በአንድ ተቋም ሥር ያስተምራል። ሁለቱን አጣምሮ መማር ይቻላል ማለት ነው።

ፋርስ እ.ኤ.አ. በ1935 ስሟን ወደ ኢራን ቀየረች ይባላል። አልቀየረችም። የሬዛ ሻህ መንግሥት የጠየቀው የውጭ አገር መንግሥታት ኢራን ብለው እንዲጠሯት ነው። በራሷ ሰዎች ዘንድ ስሙ የቆየ ነው፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ኤራንሻህር ተብሎ ተቀርጿል። እኛን አቢሲኒያ ሲሉን የኖሩትን አስቡ።

ኢራን ከጥንትም ሺዓ ነበረች የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው የሳፋቪድ ንጉሥ ሻህ ኢስማኢል እ.ኤ.አ. በ1501 ሺዓን የመንግሥት ሃይማኖት እስኪያደርግ ድረስ አብዛኛው ሕዝብ ሱኒ ነበር።

ኖውሩዝ የእስልምና በዓል አይደለም። ከእስልምና በፊት የነበረ የጸደይ መግቢያ ነው፤ በእኛ መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ ይውላል።

መጽሐፈ አስቴር የንጉሡ ግዛት እስከ ኢትዮጵያ ይደርስ ነበር ስለሚል፣ ፋርሶች እኛን ገዝተውናል ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። እዚያ ላይ የተባለው ኩሽ ነው፤ የዛሬዋ ሱዳን አካባቢ። አክሱምና ፋርስ በእርግጥ የተገናኙት የመን ላይ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ከአክሱም ሄዶ የመንን የገዛውን የጦር አዛዥ የአብርሃን ልጆች ከሥልጣን ያስወገደው የሳሳኒድ ጦር ነው። የመመረቂያ ርዕስ ለቸገራችሁ፣ እዚህ ጋ ቆፍሩ።

“ቴህራን ካልሄድኩ አይሆንም” ለምትሉ፣ የፋርስኛ የእጅ ጽሑፍ ለንደንም ፓሪስም ኢስታንቡልም ሕንድም ሞልቷል። ኢንሳይክሎፒዲያ ኢራኒካ በነፃ ይነበባል። በመጀመሪያ ግን ፊደሉ። 32 ነው። ዛሬ ማታ አራት፣ ነገ አራት ብትሉ በስምንት ቀን ያልቃል። ከዚያ ደውሉልኝ።