የሰደፍ ልክ ምንድን ነው? ለልጅ ጠመንጃ «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። ልጁን የዒላማ ተኩስ ክለብ ያስገባ አንድ አባት «የመጀመሪያ ጠመንጃ ምን ልግዛለት?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ወንድማችን በሙሉ ልብ ይመልስለታል፦ «የሰደፍ ልክ ምናምን የሻጭ ወሬ ነው። ደህና ትዌንቲ ቱ ጠመንጃ ግዛለት፣ ያድግበታል።» ሌሎቹም ተቀብለው «እውነቱን ነው» አሉ። እዚህ ቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ዒላማ ሳሠለጥን ዓመታት ሆኑኝ። «ያድግበታል» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይወቀው። ልጁ ላይ የምታመጣውን ጣጣ ደግሞ በዓይኔ አያለሁ። እና ዛሬ ልጻፈው።

ትዌንቲ ቱ የሚተኩሰው ሪምፋየር የሚባለውን ጥይት ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። መምቻው የቀለሁን መሀል ሳይሆን ጠርዙን የሚመታበት ጥይት ነው፤ የሚያቀጣጥለው ኬሚካል ያለው እዚያ ጠርዝ ውስጥ ነው። ትዌንቲ ቱ ሎንግ ራይፍል የምንላት ደግሞ የዚህ ቤተሰብ ዋና ናት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1887 ጀምሮ አለች። ርካሽ ናት፣ ብዙ አትራገጥም፣ ድምጿም ከትልልቆቹ ይቀንሳል። ጀማሪ በእሷ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

የሰደፍ ልክ ማለት ጣት ከሚስበው ምላጭ ትከሻ ላይ እስከሚያርፈው የሰደፉ ጫፍ ድረስ ያለው ርቀት ነው። እዚህ አገር ሌንግዝ ኦፍ ፑል ይሉታል። ለአዋቂ ተብሎ ከፋብሪካ የሚወጣ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 36 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለልጅ ተብለው የሚሠሩት ከ29 እስከ 32 አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። «ይህቺ ምን አላት?» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔን የሚያበሳጨኝም እዚሁ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ልክን የምቾት ጉዳይ ያደርገዋል። ልጁ ትንሽ ቢከብደው፣ ትንሽ ቢረዝምበት፣ ይለምደዋል ይላል። የሰደፍ ልክ ግን የሚወስነው ዓይን የት እንደሚያርፍ ነው። ዓይኑ በየተኩሱ ቦታውን ከቀየረ ልጁ የቱንም ያህል ቢለማመድ ጥይቱ አንድ ቦታ አይሄድለትም።

ባለፈው ጥር አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። አባት አዲስ ጠመንጃ ገዝቷል። ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ውድም ነው፣ ግን የአዋቂ ልክ ነው። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኛች። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ስታደርግ ምላጩ ጋ የደረሰችው በጣቷ ጫፍ፣ በጥፍሯ ሥር ብቻ ነው። ለመድረስ ብላ አንገቷን አስረዘመች። ጉንጯ ሰደፉ ላይ ማረፍ አቃተው። ዓይኗ ከኋላው ማነጣጠሪያ ስለራቀ በቀዳዳው ስታይ ግማሹ ጥቁር ሆነባት። «ክቡ ይመጣል፣ ይጠፋል» አለችኝ። አምስት ጥይት ተኮሰች። 15 ሜትር ላይ ያለው ወረቀት እንደ ተበተነ ሽምብራ ሆነ። አባቷ ከኋላዋ ሆኖ «ተረጋጊ እንጂ የኔ እናት» ይላታል። እሷ እኮ ተረጋግታ ነበር።

ከክለቡ መደርደሪያ ሰደፉ የሚስተካከል አንድ አሮጌ ጠመንጃ አወረድኩ። የዚህ ዓይነት ሰደፍ ጫፉ ላይ የሚገቡና የሚወጡ ታኮዎች አሉት፤ ስፔሰር ይሏቸዋል። ሁለቱን ነቀልኩ። የጉንጭ መደገፊያውንም የጣት ውፍረት ያህል ከፍ አደረግኩላት። ተኛች፣ ጉንጯን አሳረፈች፣ ዝም አለች። ከዚያ «አሁን ሙሉው ይታየኛል» አለች። አምስቱም ጥይት በአንድ የቡና ሲኒ አፍ ውስጥ ገቡ። ያስተማርኳት አዲስ ነገር የለም።

«ያድግበታል» ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። ለእንቁጣጣሽ የሚገዛልን ጫማ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ይበልጥ ነበር፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ወይም ጋዜጣ ይጠቀጠቅበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ልክ ይመጣል። ወላጆቻችን እጥረት ሲይዛቸው ያደረጉት ነውና አልነቅፈውም። ግን በዚያ ጫማ ሩጫ የተማረ ልጅ የለም። እግራችንን እየጎተትን ነበር የምንሄደው። ልካችን ሲገዛልን እንኳ ለጥቂት ጊዜ መጎተቱን አንተውም ነበር። ሰደፍ ላይ ደግሞ ጥጥ አይጠቀጠቅም። ትርፉን ርዝመት ልጁ የሚሞላው በአንገቱና በወገቡ ነው። ያ የተጣመመ አቋም ይለምድበትና ሁለት ዓመት ቆይቶ ሰደፉ ልኩ ሲሆን እንኳ አብሮት ይኖራል። ከዚህ ልማድ አንድን ልጅ ማላቀቅ አዲስ ልጅ ከማስተማር የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል።

እናቶቻችን በዩኒፎርም ቀሚስ የሚያደርጉት የተሻለ ነበር። ቀሚሱ ሲሰፋ ጠርዙ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዛሬ ልኳ ነው። ልጅቷ ስትረዝም ስፌቱ ይፈታና ይለቀቃል። የሚስተካከል ሰደፍ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያ ጠመንጃ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ለዚህ አውጡ። የጠመንጃው ስም፣ ቀለሙ፣ ስንት ጥይት እንደሚጎርስ፣ ሁሉም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። እንዲያውም አንድ አንድ እየተጎረሰ የሚተኮስበት ለልጅ ይሻላል፤ አያጣድፍም፣ ባዶ መሆኑም በቀላሉ ይታያል። በየክለቡ ጀርመን አገር ኡልም ከተማ የሚሠራውን አንሹትዝ የሚባል ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። ያረጀም ቢሆን ሰደፉ የሚስተካከል ከሆነ፣ ሰደፉ ከማይስተካከል አዲስ ጠመንጃ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ያ ወንድማችን ሌላም ማስረጃ አምጥቶ ነበር። «ወታደር ቤት ማን ለክቶ ሰጠን? ሁላችንም በአንድ ዓይነት ጠመንጃ ተኩሰናል» አለ። በመጀመሪያ ነገር የእንግሊዝ ጦር ይይዘው የነበረው የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ሰደፍ በአራት ርዝመት ይሠራ ነበር፤ ወታደር ቤትም የሰው ክንድ እኩል እንዳልሆነ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ወታደር አዋቂ ሰው ነው፤ ሰውነቱ አድጎ ጨርሷል። ሦስተኛ፣ የምንመታው ነገር አንድ አይደለም። በዓለም አቀፉ ውድድር 50 ሜትር ላይ አስር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። የሸሚዛችሁን ቁልፍ እዩት፤ እሱን ታክላለች። እዚያ ላይ የዓይን ትንሽ መንሸራተት ዋጋ ያስከፍላል።

«እሺ፣ እንግዲያው ትንሿን የልጅ ጠመንጃ ልግዛ» የሚሉም አሉ። ይሄም ስህተት ነው። እነዚያ ትናንሽ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ሰደፋቸው አጭር ነው እንጂ አይስተካከልም። ምላጫቸው ከባድ ነው፣ በርሜላቸው ቀጭን ነው። ስምንት ዓመት ለሆነው ልጅ ጣሳ ለመምታት ይበቃሉ። ዒላማ ለሚለማመድ ልጅ ግን በዓመት ተኩል ውስጥ ያጥሩበታል፤ ያኔ ሁለተኛ ግዢ ትገባላችሁ። አጭር መሆንና ልክ መሆን ለየብቻ ናቸው።

ክንድ ላይ መለካትስ? ሰደፉን ክርኑ መታጠፊያ ላይ አድርጎ ጣት ምላጩ ጋ ይደርሳል ወይ ብሎ ማየት ማለቴ ነው። ለመነሻ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ግልጽ የሆነውን ስህተት ያሳያችኋል። ከዚያ በላይ አትመኑት። ተኝቶ፣ ተንበርክኮና ቆሞ መተኮስ ሦስት የተለያየ ልክ ይፈልጋል። የተኩስ ጃኬት ሲለበስ ደግሞ ውፍረቱ ራሱ ሰደፍ እንደማስረዘም ነው፤ በቲሸርት የተለካ ልጅ ጃኬት ሲለብስ ይረዝምበታል። ለክታችሁ ስትጨርሱ አስተኙት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ያሳርፍ፣ ከዚያ ይግለጥ። ሳይንቀሳቀስ በኋላው ቀዳዳ በኩል የፊተኛውን ማነጣጠሪያ መሀል ላይ ካየው ልኩ ነው። ጭንቅላቱን ፈልጎ ካስተካከለ አይደለም።

የትኛው ዓይኑ እንደሚመራም ቀድማችሁ እወቁ። በቀኝ እጁ እየጻፈ በግራ ዓይኑ የሚያነጣጥር ልጅ ብዙ ነው። ይህን ሳያዩ ገዝተው የተመለሱ ወላጆች አሉ።

ክብደትም አለ። ሙሉ የውድድር ጠመንጃ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ አንዳንዱ ያልፋል። ልጁ ተኝቶ ሲተኩስ ማንገቻውና መሬቱ ያግዙታል። ሲቆም ግን ክብደቱን የሚይዘው ወገቡ ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሲቆም ካየሁ ወዲያው አስቆመዋለሁ፤ በመደገፊያ ይተኩስ እላለሁ። አባት «ጎበዝ ነው፣ ይችላል» ቢለኝም አልሰማም።

ጠመንጃውን ሲገዙ የማይነገራችሁን ደግሞ ልንገራችሁ። አብዛኛው የሪምፋየር ጥይት እርሳስ አለበት፤ ጥይቱ ላይም፣ በሚያቀጣጥለው ኬሚካል ውስጥም። ልጆች መተኮሻው ቦታ ላይ አይበሉም፣ ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ። «ትዌንቲ ቱ መጫወቻ ናት» የሚለውንም ተዉት። ያቺ 2.6 ግራም የምትመዝን ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። በአሜሪካ ፌደራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ጠመንጃ አይሸጥም። ስለዚህ የሚገዛው ወላጅ ነው፣ ቆልፎ የሚያስቀምጠውም ወላጅ ነው። ጥይቱ ደግሞ ለብቻው ይቆለፋል።

ብትችሉ ግን ጨርሶ አትግዙ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ማለቴ ነው። ብዙ ክለብ ጠመንጃ ያውሳል። ልጁ የትኛው ልክ እንደሚሆነው በዚያ ይታወቃል፤ ስፖርቱን ይወደው እንደሆነም ይታወቃል።

የገዛችሁት ጠመንጃ ረዝሞ ከተገኘና ሰደፉ እንጨት ከሆነ አናጺ ሊያሳጥረው ይችላል። የተቆረጠውን ቁራጭ ግን አትጣሉት። ልጁ ሲረዝም በብሎን መልሶ ይያያዛል። የልጅቷ አባት መጀመሪያ መጋዙ ከብዶት ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶበት። ሦስት ሳምንት አሰበበትና አስቆረጠው፣ ቁራጩንም በጨርቅ ጠቅልሎ ጠመንጃው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። እሷ በክለቡ ጠመንጃ መተኮሷን ቀጥላለች። መስከረም ላይ ለካኋትና ከነቀልኳቸው ሁለት ታኮዎች አንዱን መለስኩላት።