ስለ ኮጉቫ መንደር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮጉቫ በምዕራብ ኢስቶኒያ በሙሁ ደሴት የባሕር ዳርቻ ላይ የምትገኝ፣ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ናት። በድንጋይ ካቦቿና በሸምበቆ በተከደኑ ቤቶቿ ፎቶግራፍ ስለምትታወቅ፣ ብዙ ሰው ስለ እርሷ የሚናገረው ከፎቶግራፉ ተነሥቶ የገመተውን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢስቶኒያ በሶቪየት ኅብረት ሥር ስለነበረች የመንደሩ ሰዎች ሩሲያውያን ናቸው።» አይደሉም። ኢስቶንኛ የፊንላንድኛ የቅርብ ዘመድ እንጂ የሩሲያኛ ቅርንጫፍ አይደለም። አገሪቱም በ1940 በኃይል ከመያዟ በፊት ከ1918 ጀምሮ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ነበረች፤ ነፃነቷንም በ1991 አስመልሳለች።

«የአካባቢው ገበሬ በሙሉ የጀርመን ባላባቶች ገባር ነበር።» ይህ ለአብዛኛው ሕዝብ እውነት ነው፤ ከመሬቱ ጋር ተቆራኝቶ፣ ያለ ጌታው ፈቃድ ከቀዬው መነሣት የማይችል ገባር ለዘመናት ኖሯል። የኮጉቫ ታሪክ ግን የተለየ መነሻ አለው። በ1532 ሊቮኒያ ይባል በነበረው በዛሬው ኢስቶኒያና ላትቪያ አካባቢ ሰፊ መሬት ይገዛ የነበረው የጀርመን ጦረኞች ማኅበር አለቃ ዎልተር ፎን ፕሌተንበርግ፣ ሀንስከን ለተባለ የመንደሩ ሰው እርሱንና ዘሩን ከገባርነት የሚያወጣ የነፃነት ደብዳቤ ሰጠው። በ1922 በዚሁ መንደር የተወለደው ጸሐፊ ዩሃን ስሙልም የዚሁ ቤተሰብ ተወላጅ ነው። አንዲት ደብዳቤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የአንድን ቤተሰብ ዕጣ መለየቷ እጅግ ያስደንቀኛል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስሕተትም አለ፤ ገባርነት በቀረበት ቀን ገበሬው መሬት አግኝቷል የሚል። ሙሁ በምትገኝበት በሊቮኒያ ግዛት ገባርነት በ1819 በሕግ ቀርቷል፤ መሬቱ ግን በባላባቱ እጅ እንደቆየ ነው። ነፃ የወጣው ገበሬ በአባቱ ማሳ ላይ በጉልበቱ እየከፈለ የሚያርስ ተከራይ ሆነ፤ ማሳውን ገዝቶ የራሱ ለማድረግም አብዛኛው ሰው ከአንድ ትውልድ በላይ መጠበቅ ነበረበት።

«ቤቶቹ ጭስ ማውጫ ያልነበራቸው በድህነት ብቻ ነው።» ድህነቱ እውነት ቢሆንም፣ የጥንቱ የኢስቶኒያ ገበሬ ቤት የተሠራው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለእህልም ነበር። መኸሩ በዝናብ ስለሚረጥብ፣ ነዶው ከምድጃው በላይ ከጣሪያው ሥር በተዘረጉ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ይደረደርና በሙቀቱና በጭሱ እየደረቀ ይሰነብታል፤ ከዚያም በዚያው ጣሪያ ሥር፣ ከመኖሪያው ክፍል ቀጥሎ ባለው አውድማ ላይ ይወቃል። ጭስ የጠጣ እህል ነቀዝ አይደፍረውም፤ ሳይበላሽም ብዙ ይቆያል። ቤተሰቡ በዚያ ጭስ ውስጥ ዓይኑ እያለቀሰ የኖረው የዓመት ቀለቡን ለማዳን ነው።

«የድንጋይ ካቦቹ ለጌጥ የተሠሩ ናቸው።» የሙሁ አፈር ስስና ድንጋያማ በመሆኑ፣ ማሳ ለማረስ መጀመሪያ ድንጋዩን መልቀም ግድ ነበር። የተለቀመው ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተካበ ከብት ከአዝመራ የሚከለክል አጥር ሆነ። አሮጌ የእንጨት ጀልባ በካብ ላይ ተጋድሞ ሲታይም ለጎብኚ ተብሎ የተቀመጠ የሚመስለው አለ፤ ነገር ግን ዓሣ አጥማጆቹ ቤተሰብ ያበላ ጀልባ ሲያረጅ ከመሰባበር ይልቅ በዚያ ማሳረፍን ይመርጡ ነበር።

«ደማቁ የሙሁ ልብስ ከጥንት የወረደ ነው።» ዛሬ የደሴቲቱ መለያ የሆነው ቢጫና ብርቱካንማ ጉርድ ቀሚስ የተስፋፋው በፋብሪካ የተሠራ ማቅለሚያ ከደረሰ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጠቆር ያለ ነበር። ይህ ባህሉን አያሳንሰውም፤ ሴቶቹ አዲሱን ቀለም በራሳቸው ምርጫ የራሳቸው አደረጉት።

በሙሁ ኦርቶዶክሳውያን መኖራቸውን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የእኛን እምነት የሚከተሉ ሊመስሉት ይችላሉ። በ1840ዎቹ ከሉተራን እምነት ወደ ኦርቶዶክስ የተሻገሩት ብዙ የደሴቲቱ ገበሬዎች የተቀበሉት የሩሲያን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ይህችም ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከተዋሕዶ የተለየች ናት። ብዙዎቹን ያንቀሳቀሳቸውም ያን ጊዜ አገሩን ይገዛ የነበረውን የሩሲያን ንጉሥ እምነት የተቀበለ መሬት ይሰጠዋል የሚል ወሬ ነበር፤ መሬቱ ግን አልተሰጣቸውም።

«ኮጉቫ ሰው የማይኖርባት ሙዚየም ናት።» የሙሁ ሙዚየም በእርግጥ በመንደሯ ውስጥ ነው፤ የስሙል ቤተሰብ ግቢም የሙዚየሙ አካል ነው። መንደሯ ግን የሶቪየት ዘመን መከራ ሳይነካት የቀረች አይደለችም፤ በመጋቢት 1949 ብቻ ከ20,000 በላይ ሰዎች ከኢስቶኒያ ወደ ሳይቤሪያ ተግዘዋል፣ የገበሬው መሬትና ከብትም ወደ ጋራ እርሻ ገብቷል። ያም ሁሉ አልፎ በኮጉቫ ዛሬም ሰው ይኖራል። ከሙዚየሙ ግቢ ጎን ያለው ግቢ የሰው መኖሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎብኚ በሩን ከመግፋቱ በፊት ይጠይቅ።