ለንደን ኪስ ታራቁታለች? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እስቲ «ለንደን ልሄድ ነው» ብላችሁ ለሰው ተናገሩ። አንዱ «እዚያ እኮ ውሃም በገንዘብ ነው» ይላችኋል። ሌላው «ሙዚየም ለመግባት ብቻ ደሞዝህ ያልቃል» ይላል። ሦስተኛዋ ደግሞ በሶና ቆሎ አሽጋ ትመጣለች (በሶውን ተቀበሉ፣ ይጠቅማል)። ከተማዋ ውድ መሆኗ ውሸት አይደለም፣ በተለይ የአልጋ ዋጋ ያስደነግጣል። ግን ሰው የሚፈራው ቦታ ሌላ ነው፣ ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ሌላ። ሙዚየሙን ፈርቶ በር ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ ከዚያ በእግር አምስት ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ባቡር ሲሳፈር ይውላል።

ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«የሚታይ ነገር ሁሉ በቲኬት ነው፤ ነጻ ከሆነ ደግሞ የማይረባ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስብ ከ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለማንም ሰው ነጻ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየምማ በ1759 እ.ኤ.አ. በሩን ሲከፍትም በነጻ ነበር። ነጻው ደግሞ ትርፍራፊው አይደለም። የጥንት ግብፅ ጽሑፍ ያለበት የሮዜታ ድንጋይ ነጻ ነው፣ ናሽናል ጋለሪ ያለው የቫን ጎህ የሱፍ አበባ ሥዕል ነጻ ነው፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ዳይኖሰሮችም ነጻ ናቸው። መግቢያው ላይ የምታዩት ሣጥን እንደ ሙዳየ ምጽዋት ቁጠሩት፤ ከሰጣችሁ ጥሩ፣ ካልሰጣችሁም የሚቆጣችሁ የለም። የሚከፈለው ለጊዜው ለሚዘጋጁ ልዩ ኤግዚቢሽኖች ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በ1860 ዓ.ም. (1868 እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ ተዘርፎ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ከወረደው ንብረት ብዙው ያለው እዚችው ከተማ ነው። የወርቁ አክሊልና የወርቁ ጽዋ የቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናቸው። ታቦታቱ ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው፣ ግን ለሕዝብ አይታዩም፤ ሄዳችሁ ብትፈልጉ አታገኟቸውም። የገዛ ንብረታችንን ለማየት አለመክፈላችን ያጽናናል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔን አላጽናናኝም። ቢሆንም ለንደን ደርሶ ይህን ሳያዩ መመለስ አይሆንም። ነጻ ቢሆንም ድረ ገጻቸው ላይ ሰዓት አስይዙ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰልፉ ረጅም ነው።

«ቤተክርስቲያኖቹ ስለሚያስከፍሉ ከውጭ አይቶ ማለፍ ነው»

ዌስትሚኒስተር አቢም ሆነ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቱሪስትን ያስከፍላሉ፣ ያውም ዳጎስ ያለ። ለጸሎት የመጣን ሰው ግን አያስከፍሉም። አመሻሽ ላይ ኢቨንሶንግ የሚባል በመዘምራን የሚዘመር ጸሎት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ የዕለቱን ሰዓት አይታችሁ ሂዱ። ፎቶ ማንሳት የለም፣ መዟዟርም የለም፣ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። የልዑል ዓለማየሁ አጽም ባረፈበት በዊንድዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤትም እንደዚሁ ነው። ቤተ መንግሥቱን ለመጎብኘት ይከፈላል፣ ለጸሎት አይከፈልም። ዊንድዘር ከለንደን ወጣ ያለች ስለሆነች የባቡሩን ሂሳብ አትርሱ።

«ያለ ቲዩብ ለንደን አይዞርም»

ቲዩብ ማለት የምድር ውስጡ ባቡር ነው። ካርታው ግን ያታልላል፤ የጣቢያዎቹን ትክክለኛ ርቀት አያሳይም። ከሌስተር ስኩዌር እስከ ኮቨንት ጋርደን 260 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ለእሷ የምትከፍሉት ግን ወደ 3 ፓውንድ ነው። ወደ ታች ወርዳችሁ ባቡር ጠብቃችሁ እንደገና እስክትወጡ በእግሩ የሄደው ሰው ቡናውን አዝዟል። መሀል ከተማ ውስጥ መጀመሪያ የስልካችሁን ካርታ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቁት።

ራቅ ሲል አውቶቡስ አለ። የአንድ ጉዞ ዋጋ በ2023 እ.ኤ.አ. 1.75 ፓውንድ ሆኗል፣ ቅርብም ሂዱ ሩቅ ያው ነው። የመጀመሪያው ላይ ከተሳፈራችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል አውቶቡስ ብትቀያይሩ ተጨማሪ አትከፍሉም። ጥሬ ገንዘብ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይቀበሉም፤ ንክኪ የሚሠራ የባንክ ካርድ ወይም ስልክ ይበቃል። በቀን ከተወሰነ ጣሪያ በላይም አይቆርጥባችሁም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፦ ጠዋት በካርድ፣ ማታ በስልክ ካስነካችሁ፣ ሁለቱም ከአንድ የባንክ ሂሳብ ቢሆኑም፣ ሲስተሙ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራችኋል፣ ጣሪያውም አይሠራላችሁም። በጀመራችሁበት ጨርሱ። ለሁለት ሰው አንድ ካርድም አይሆንም።

ውዱን የቱሪስት አውቶቡስም እርሱት። 15 ቁጥር ከትራፋልጋር አደባባይ አካባቢ ተነስቶ በቅዱስ ጳውሎስ በኩል ታወር ኦፍ ለንደን ድረስ ይወስዳል፤ 24 ቁጥር በካምደን አድርጎ ፓርላማው ፊት ለፊት ያልፋል። ፎቁ ላይ ወጥታችሁ የፊት ወንበር ካገኛችሁ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ።

«ከኤርፖርት ፈጣኑ ባቡር ይሻላል»

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሂትሮው ያርፋል። ሂትሮው ኤክስፕረስ በ15 ደቂቃ ከተማው ውስጥ ያለው ፓዲንግተን ጣቢያ ያደርሳል፣ በዕለቱ ለሚቆርጥ 25 ፓውንድ ገደማ ነው። ፒካዲሊ የሚባለው የቲዩብ መስመር ግን ወደ 6 ፓውንድ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሌሊቱን ሙሉ በርራችሁ መጥታችሁ ለዚች ሰዓት ይሄን ያህል መክፈል? በበኩሌ አልከፍልም።

«ከተማዋን ከላይ ለማየት ሻርድ ላይ መውጣት ነው»

ሻርድ የሚባለው ረጅሙ ፎቅ ያስከፍላል። ስካይ ጋርደን የሚባለው ሌላው ፎቅ ነጻ ነው፣ ቀድሞ ማስያዝ ብቻ ይጠይቃል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ከሳምንት በላይ ቀድማችሁ ተከታተሉት። ማስያዝ ከሰለቻችሁ ግሪኒች ፓርክ ኮረብታው ላይ ውጡ። ስትመለሱ ከቴምዝ ወንዝ ሥር በ1902 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የእግረኛ መሿለኪያ ማዶ ተሻገሩ፣ ልጆች ይወዱታል።

«ምግብ የማይቀመስ ነው፤ ሻንጣ ሙሉ ስንቅ ያስፈልጋል»

ምግቡ የሚወደደው በተለይ ከታዋቂ ሐውልትና ድልድይ ሥር ሲበላ ነው። ሁለት መንገድ ዞር ስትሉ ዋጋው ይወርዳል።

ምሳ ላይ አገሬው የሚበላውን ብሉ። ሱፐርማርኬቶቹ ሚል ዲል የሚሉት አለ፦ አንድ ሳንድዊች፣ አንድ መክሰስ፣ አንድ መጠጥ፣ በአንድ ላይ 4 ፓውንድ አካባቢ። አንዳንዶቹ ይህን ዋጋ የሚሰጡት ነጻ የአባልነት ካርድ ላለው ነው። ብልጠቱ ሦስቱንም ለየብቻ ሲሸጡ ውድ የሆኑትን መርጦ ማንሳት ነው። ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ቢጫ ተለጣፊ የተለጠፈበትን ፈልጉ፤ የዕለቱ ምግብ በቅናሽ ነው፣ አልተበላሸም። ካፌ ውስጥ ያው ሳንድዊች ሁለት ዋጋ ካየታችሁበት እያጭበረበሩ አይምሰላችሁ። ቀዝቃዛ ምግብ ይዞ ለሚሄድ ቫት የለበትም፣ ተቀምጦ ለሚበላ 20 በመቶ አለበት። ይዛችሁ ውጡ፣ ፓርኩ ማዶ ነው።

ውሃ በገንዘብ ነው ያላችሁም ተሳስቷል። እንግሊዝ ውስጥ አልኮል የመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት የቧንቧ ውሃ ከተጠየቀ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግን «ታፕ ወተር» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ ውሃ ካላችሁ የታሸገ መጥቶ ሂሳቡ ላይ ይደመራል። ሂሳቡን ስትቀበሉም ከታች ያለውን አንብቡ። ብዙ ቤት 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ራሱ ጨምሮ ነው የሚያመጣው። በፈቃድ የሚከፈል ከሆነ አስቀንሱልኝ ማለት ይቻላል፣ ነውር የለውም። ቢያንስ እሱን ከፍላችሁ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሌላ ቲፕ አትተዉ።

ለጾመኛ ለንደን ትመቻለች። ዩስተን ጣቢያ ጀርባ ድራመንድ ስትሪት ላይ ሥጋ የማይነኩ የህንድ ቤቶች አሉ። ሥጋ የለም ማለት ግን ቅቤና እርጎ የለም ማለት አይደለም፣ «ቪገን» ብላችሁ አጣሩ። ሳውዝሆል ያለው ትልቁ የሲኮች ቤተ መቅደስ ደግሞ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ሃይማኖት ሳይጠይቅ፣ ምግብ በነጻ ያቀርባል። ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል፤ ነጠላ ከያዛችሁ ጨርሳችኋል። የድሃ ምጽዋት አድርጋችሁ አትዩት፣ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ተቀምጦ ነው የሚበላው። ብትችሉ መዋጮ ጣል አድርጉ።

«የሐበሻ ምግብ ቤት ስለሆነ ይቀንሱልናል»

የቤት ኪራዩ ለሐበሻ አይቀንስም፣ እነሱስ ከየት ያምጡት? ካሌዶኒያን ሮድና ኬንቲሽ ታውን አካባቢ ሐበሻ ቤቶች አሉ። ብቻችሁን ገብታችሁ ጥብስ ካዘዛችሁ ይወደድባችኋል፣ ተሰብስባችሁ አንድ ትልቅ በያይነቱ ከበባችሁ ከበላችሁ ግን ደህና ነው።

«የቱሪስት ፓስ ከገዛሁ ይቆጥብልኛል»

ፓስ ማለት ብዙ የሚከፈልበት ቦታ የሚያስገባ አንድ ቲኬት ነው። በቀን ሦስት አራት የሚከፈልበት ቦታ እየሮጠ ለሚገባ ሰው አዎ። ከላይ የዘረዘርኩትን ለሚያደርግ ሰው ግን ፓሱ ነጻ የሆነውን በገንዘብ መግዛት ነው። የምትፈልጓቸውን ቦታዎች መግቢያ ደምሩና ከፓሱ ዋጋ ጋር አስተያዩ።

«ፓርክ ውስጥ ሁሉም ነገር ነጻ ነው»

ይሄኛው በተቃራኒው ነው። ሣሩም አግዳሚ ወንበሩም ነጻ ነው። በበጋ ሀይድ ፓርክ ውስጥ የምታዩዋቸው ተጣጣፊ የሸራ ወንበሮች ግን የኪራይ ናቸው። ተደላድላችሁ እግራችሁን ስትዘረጉ አንድ ሰው ሂሳብ ሊቀበል ይመጣል።