ፀረ-ታንክ ሚሳኤል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ፣ የሰፈራችን ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ስንል ወሬው ሁሉ የጦርነት ቪዲዮ ከሆነ ሰነበተ። አንዱ ስልኩን ዘርግቶ "እዩት፣ አንድ ሰው ታንኩን አጋየው!" ይላል። ከዚያ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። ጉዳዩን ለዓመታት ስከታተል ስለኖርኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ልጆቹ ጦርነትን እንደ ጌም ሲያዩት ያሳስበኛል።

"ሁሉም ያው ባዙቃ ነው።" አይደለም። አርፒጂ 7 በፈረንጆቹ 1961 የመጣ፣ እንደ ባዙቃ ከትከሻ ላይ የሚተኮስ መሣሪያ ነው። አንዴ ከተተኮሰ የሚመራው የለም። ሚሳኤሉ ግን እየበረረ አቅጣጫውን ያስተካክላል።

"ከተተኮሰ በኋላ ራሱ ፈልጎ ይመታል።" በጣም የተስፋፋው ይሄ ነው። እንዲህ የሚያደርግ አለ። በፈረንጆቹ 1996 አገልግሎት የጀመረው የአሜሪካው ጃቭሊን የታንኩን ሙቀት ይከተላል፤ ተኳሹም ወዲያው ዞር ማለት ይችላል። የሶቪየቱ ማልዩትካ ግን የሚበረው ከኋላው ቀጭን ሽቦ እየተረተረ ነው። ከጎናችን ካለው ልብስ ሰፊ ጥቅል ክር ተውሼ አሳየኋቸው። ጫፉን ለአንዱ አስያዝኩና ጥቅሉን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ክሩ እየተፈታ ተከተለኝ። ትእዛዙ የሚያልፈው በዚያ ሽቦ ነው። ተኳሹ በመነጽር እያየ፣ በእጁ ማንሻ እየነዳ ያደርሰዋል። 3 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 25 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሰዓት ያዝን። ቡና የምትቀዳልን ልጅ በዚያ ጊዜ 5 ሲኒ ሞላች። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው ዓይኑን አይነቅልም፣ ጥይት እየዘነበበትም ቢሆን። የሩሲያው ኮርኔት ሽቦውን በሌዘር ተካው እንጂ፣ እስኪመታ ድረስ ማነጣጠሩ አልቀረም።

"ብረቱን አቅልጦ ነው የሚገባው።" እኔም ድሮ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ከፈንጂው ፊት እንደ ዘይት መቅጃ ቅርጽ ያለው ስስ መዳብ አለ። ሲፈነዳ መዳቡ ተጨምቆ እንደ መርፌ ይወረወራል። የጫፉ ፍጥነት በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብረቱን የሚበሳው ግፊቱ ነው እንጂ እሳቱ አይደለም።

"አንድ ሰው ይዞት ይሮጣል።" ጃቭሊን 22 ኪሎ ገደማ ነው። ሩብ ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረው! ማልዩትካን ደግሞ ሦስት ሆነው ነበር የሚሸከሙት።

"የታንክ ዘመን አከተመ።" ይሄ በፈረንጆቹ 1973 በተካሄደው የጥቅምት ጦርነት ጊዜም ተብሏል። ግብፆች ሲናይ ላይ የእስራኤልን ታንኮች በማልዩትካና በአርፒጂ ክፉኛ መቷቸው። እስራኤሎች ግን እዚያው ጦርነቱ ላይ መላ ዘየዱ። ታንኩን ብቻውን መላክ ተዉ፤ እግረኛና መድፍ አጀቡት። ሚሳኤል ሲመጣ ቀድሞ ያየ በሬዲዮ ይጮሃል፤ ታንኩ ቦታ ይቀይራል፤ የቀሩት ተኳሹ አለበት ብለው ወደገመቱት ቦታ ጥይት ያርከፈክፋሉ። ተኳሹ ሚሳኤሉ ከተነሳበት እስከ 15 ሜትር ርቆ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ ላያገኙት ይችላሉ። ግን ለአፍታ ከደነገጠና እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ሚሳኤሉ አሸዋው ላይ ይቀራል።