የዩኩሌሌ የጣት ድርደራ ስልቶች

ዩኩሌሌ አራት ክር ያለው፣ ከጊታር ቤተሰብ የሚመደብ አነስተኛ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ተነሥተው ሬቨንስክራግ በተባለች መርከብ ሆኖሉሉ የገቡ ስደተኞች ማሼቴ የምትባል ትንሽ ጊታር ወደ ሃዋይ አምጥተው ነበር፤ የዩኩሌሌ ዋነኛ መነሻም እርሷ ናት። አብዛኛው ሰው መሣሪያውን የሚያውቀው ክሮቹ በአንድ ላይ እየተገረፉ ዘፈን ሲታጀብበት ነው። ክሮቹን በተለያዩ ጣቶች ለይቶ መደርደር ግን ከአጃቢነት ያወጣውና ዜማውንና ኮርዱን (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) ባንድነት እንዲሸከም ያስችለዋል።

የድርደራውን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቅኝቱ ነው። በተለመደው ቅኝት ከአራተኛው ክር እስከ አንደኛው ጂ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤ የተባሉት ድምፆች በተራ ይቀመጣሉ። በጊታር ላይ ለአውራ ጣት የሚቀርበው ክር ከሁሉም ወፍራሙ ሲሆን፣ በዩኩሌሌ ግን 392 ኸርዝ (በሰከንድ ያህል ንዝረት) ገደማ የሚሰጠው አራተኛው ክር 262 ኸርዝ ገደማ ከሚሰጠው ከሦስተኛው ይልቅ ይቀጥናል፤ 440 ኸርዝ ከሆነው ከአንደኛው ክር የሚያንሰውም በአንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ ነው። ከጊታር የመጣ ተጫዋች እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ለባስ (ለወፍራሙ ድምፅ) ሲያሰማራ ቀጭን ድምፅ ይወጣለታል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ነገር ግን የመሣሪያው ልዩ ውበት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ጣቶችን ለክሮች በማከፋፈል ረገድ ሁለት መንገዶች ጎልተው ይታያሉ። በአንደኛው አውራ ጣት አራተኛውንና ሦስተኛውን፣ ጠቋሚ ጣት ሁለተኛውን፣ የመሀል ጣት አንደኛውን ክር ይይዛል፤ በሌላው የቀለበት ጣት ይጨመርና ለእያንዳንዱ ክር አንድ ጣት ይደርሰዋል። የመጀመሪያው አውራ ጣት በሁለት ክሮች መካከል እየተመላለሰ ምቱን ለሚጠብቅበት አጨዋወት ይመቻል፣ ሁለተኛው ደግሞ እኩል ለሚፈስ አርፔጂዮ፣ ማለትም የኮርዱ ድምፆች አንድ በአንድ ተከታትለው ለሚሰሙበት። ለምሳሌ አንደኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት (በመሣሪያው አንገት ላይ ያለ መከፋፈያ) ላይ ተጭኖ የሲ ኮርድን የያዘ ሰው በአውራ ጣት አራተኛውን፣ በጠቋሚ ሁለተኛውን፣ እንደገና በአውራ ጣት ሦስተኛውን፣ በመሀል ጣት አንደኛውን ቢነካ ጂ፣ ኢ፣ ሲ እና ላይኛው ሲ ተከታትለው ይሰማሉ። ጣቱ ክሩን ከነካ በኋላ ወደ መዳፍ ቢታጠፍ ሌሎቹ ክሮች መጮኻቸውን ይቀጥላሉ፤ አጠገቡ ባለው ክር ላይ ቢያርፍ ግን የተመታው ክር ደምቆ ሲወጣ የታረፈበት ይታፈናል።

የቀጭኑ አራተኛ ክር ጥቅም በግልጽ የሚታየው ካምፓኔላ በተባለው ስልት ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ትንሽ ደወል ማለት ሲሆን፣ ተከታታይ ድምፆችን ከተለያዩ ክሮች የሚያወጣው ይህ ስልት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ባሮክ ጊታር ላይ ይታወቅ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ኪንግ (1953–2009) የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ሥራዎች በዚሁ ስልት በዩኩሌሌ ተጫውቷል። ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ የሚለውን መሰላል እንውሰድ። ኢ ከሁለተኛው ክር ሳይጫኑት ይገኛል፤ ኤፍ ከሦስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፣ ጂ ካልተጫነው አራተኛ፣ ኤ ካልተጫነው አንደኛ ክር። አራቱ ድምፆች ከአራት ክሮች ስለወጡ አንዱ ሌላውን ሳያቋርጠው ተደራርበው ያስተጋባሉ፤ የግራ እጅም የሚጫነው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ባንጆ ከተባለው ባለክር መሣሪያ የተወሰደው ክሎውሃመር የሚባል ስልትም በዚህ ቅኝት ይመቻል። ጠቋሚው ወይም የመሀል ጣት ክሩን በጥፍር ወደ ታች ይመታል፣ አውራ ጣትም ተከትሎ አራተኛውን ክር ያስጮኻል፤ የአምስት ክር ባንጆም በዚያው ቦታ አጭርና ቀጭን ክር አለው።

አንዳንድ ተጫዋቾች አራተኛውን ክር ወፍራም በሆነ ክር ተክተው ጂን አንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ዝቅተኛ ጂ ድረስ) ዝቅ ያደርጉታል። አውራ ጣት ያን ጊዜ እውነተኛ ባስ ያገኛል፤ ከላይ የተጠቀሰው መሰላል ግን በዚያው አያያዝ ሲደረደር ኤፍ ላይ ደርሶ ወደ ታች ይወድቃል።