ጊዜያዊ የሥራ ውል እገዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የፋብሪካ ማሽኖች ቆመው ነበር። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም የሠራተኛው ዕጣ ምን እንደሆነ በየሰፈሩ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር ስለማይገጥም፣ መብታቸውን ሳያውቁ የሚያጡ ሰዎች ጉዳይ እጅግ ያሳስበኛል።

«ሥራ ከቆመ ሠራተኛው ተሰናብቷል» ይባላል። ይህ ስህተት ነው። እገዳው ሠራተኛው ሥራ የመሥራት፣ አሠሪውም ደመወዝ የመክፈል ግዴታውን ለጊዜው ያቆማል እንጂ የሥራ ውሉን አያቋርጥም። በዚህም ምክንያት «በእገዳ ጊዜ ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል» የሚለው እምነት መሠረት የለውም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በውል የተለየ ነገር ካልተደነገገ በስተቀር ክፍያ የለም። ግማሽ ክፍያ ያለው በሕመም ፈቃድ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ግን «አሠሪው በፈለገ ጊዜ ማስታወቂያ ለጥፎ ሠራተኛን ወደ ቤቱ መስደድ ይችላል» የሚለው ነው። አሠሪው ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል፣ ወይም በእርሱ ጥፋት ባልደረሰ የገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ሲሆን፣ ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ በቂ ምክንያት መኖሩን የሚወስነውም ይኸው አካል ነው። እገዳው ከ90 ቀናት አይበልጥም፤ ድርጅቱ በዚያ ጊዜ ሥራ ሊጀምር እንደማይችል ከታመነ ደግሞ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ የማግኘት መብት አለው።

«የታሰረ ሰው ሥራውን ወዲያው ያጣል» የሚሉም አሉ። እስሩ ከ30 ቀናት ካልበለጠና አሠሪው በ10 ቀናት ውስጥ እንዲያውቅ ከተደረገ፣ ይህም ሕጋዊ የእገዳ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ቤተሰብ ጊዜ ሳያጠፋ ለድርጅቱ ማሳወቅ ይገባዋል።

አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን እንደማይመለከት ልብ ይሏል፤ እነርሱ የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

እገዳው ሲያበቃም «እስኪጠሩኝ ልጠብቅ» ማለት ሠራተኛውን ሊጎዳው ይችላል። እገዳው ባበቃ ማግሥት ባለው የሥራ ቀን በሥራው ላይ መገኘት የራሱ ግዴታ ሲሆን፣ አሠሪውም ወደ ሥራው ሊመልሰው ይገባል።